ዶከር በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አልነሣ ሲል፦ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት

ጥያቄ፦ «አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የሶፍትዌር ማሠልጠኛ ውስጥ አስተምራለሁ። 12 ኮምፒውተሮች አሉን፤ ሁሉም ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸው፣ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና ኤስኤስዲ ዲስክ ያላቸው ናቸው። ሠልጣኞች ሁሉ አንድ ዓይነት የመሥሪያ ማሽን እንዲኖራቸው ብለን በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) በሚፈጥረው በቨርቹዋልቦክስ ሌላ ዊንዶውስ ጭነን፣ በእርሱ ውስጥ ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተከለለ ቦታ ውስጥ የሚያስኬደውን ዶከር ዴስክቶፕን አስገባን። ዶከሩ ግን ቨርቹዋላይዜሽን አልተከፈተም እያለ አይነሣም፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ በሚከፈተው መሠረታዊ ሴቲንግ፣ በባዮስ፣ ውስጥ ገብተን ብንከፍተውም ለውጥ የለም። በሁለት ማሽኖች ላይ በዊንዶውሱ ፋንታ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ሞከርን። በእነዚያ ዶከሩ ይነሣል፤ ነገር ግን በጣም ይንቀረፈፋል፣ የዳታቤዙ፣ የፖስትግሬስ፣ ኮንቴይነር ተነሥቶ ወዲያው ይቆማል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኢሜጅ (ኮንቴይነር የሚነሣበትን ጥቅል) ማውረድ እምቢ ይላል። ኮንቴይነር ትልቅ ማሽን ይፈልጋል ስለተባልን 32 ጊጋባይት ሜሞሪ ያላቸው ኮምፒውተሮች ለመግዛት ዋጋ እያጠያየቅን ነው። ብንገዛ ይሻላል?»

ምላሽ፦ አይግዙ። ችግሩ የመጣው ከአጫጫኑ እንጂ ከማሽኖቹ አቅም አይደለም፤ አሁን ያሏችሁ ኮምፒውተሮች ለገለጹት ትምህርት ይበቃሉ። በጥያቄው ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ብልሽቶች አሉ፦ የዶከር ዴስክቶፕ አለመነሣት፣ የኡቡንቱው መንቀርፈፍ፣ የፖስትግሬስ መቆምና የኢሜጅ አለመውረድ ናቸው። አራቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሜሞሪ በእጥፍ ቢጨመርም አንዳቸውም በዚያ ምክንያት አይጠፉም።

በመጀመሪያ መታረም ያለበት «ኮንቴይነር ትልቅ ማሽን ይፈልጋል» የተባላችሁት ነው። ኮንቴይነር ቨርቹዋል ማሽን አይደለም። ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት)፣ ለብቻው የተቆረጠለት ሜሞሪና በሶፍትዌር የተሠራ ሃርድዌር ያለው ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ኮንቴይነር ግን በሊኑክስ ከርነል ላይ የሚሠራ ተራ ፕሮሰስ ሲሆን፣ ከርነሉ ኔምስፔስ በተባለው አሠራር ከሌሎች ፕሮሰሶች ይጋርደዋል፣ ሲግሩፕ በተባለው ደግሞ የሚወስደውን የሜሞሪና የፕሮሰሰር መጠን ይገድብበታል። ሁለቱም አሠራሮች ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 ከመውጣቱ በፊት በሊኑክስ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ይህን በሁለቱ የኡቡንቱ ማሽኖች ላይ በዓይን ማየት ይቻላል፦ የከርነሉን ስሪት የሚያሳየውን የዩኔም ትእዛዝ መጀመሪያ በኡቡንቱው ተርሚናል፣ ቀጥሎ በአንድ የአልፓይን ወይም የዴቢያን ኮንቴይነር ውስጥ ቢሰጡ፣ የሊኑክሱ ዓይነት ሌላ ሆኖ ሳለ የሚወጣው የከርነል ቁጥር አንድ ነው። ኮንቴይነሩ የራሱ ከርነል የለውም፤ የሚጠቀመው የኡቡንቱውን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ጥያቄዎን በግማሽ ይመልሳል። በሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የሚሠራ ዶከር ኢንጂን፣ ማለትም ያለ ዴስክቶፕ መስኮቱ ዋናው ዶከር፣ ከፕሮሰሰሩ ምንም ዓይነት የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ አይፈልግም፤ ሊኑክስ ከተነሣ ኮንቴይነርም ይነሣል። ዊንዶውስ ግን የሊኑክስ ከርነል ስለሌለው ዶከር ዴስክቶፕ ከበስተጀርባ ሆኖ የራሱን ትንሽ የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን በደብሊውኤስኤል 2 (ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬድ የዊንዶውስ ክፍል) ወይም በሃይፐር-ቪ (የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) በኩል ያስነሣል። እናንተ ያንን በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ባለ ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑት የሆነው ይህ ነው፦ ከታች ዋናው ዊንዶውስ፣ በላዩ ቨርቹዋልቦክስ፣ በውስጡ ሁለተኛ ዊንዶውስ፣ በእርሱ ውስጥ ደግሞ የሊኑክስ ማሽን፣ ኮንቴይነሩ የሚገኘው ከሁሉም በላይ ነው። አልነሣ ያለው ሦስተኛው ስርዓተ ክወና ነው እንጂ ኮንቴይነሩ አይደለም።

ባዮስ ውስጥ ያለው ማብሪያ የፕሮሰሰሩን የቨርቹዋላይዜሽን ችሎታ የሚፈቅደው ለዋናው ኮምፒውተር ብቻ ነው። በውስጥ ያለው ዊንዶውስ የሚያየው ቨርቹዋልቦክስ ያቀረበለትን ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ ችሎታው ወደ ውስጥ ካልተላለፈለት ዶከር ዴስክቶፕ «ቨርቹዋላይዜሽን የለም» ማለቱ ልክ ነው። ይህ ማስተላለፍ ኔስትድ ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል። ቨርቹዋልቦክስ ለኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ከ6.0 ስሪት፣ ማለትም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ፣ ለኢንቴል ደግሞ ከ6.1፣ ማለትም ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ይደግፈዋል፤ ምልክት ማድረጊያው በማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ፣ ሲስተም ከሚለው ሥር፣ የፕሮሰሰር ገጽ ላይ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ ሳጥኑ ደብዝዞ አልጫን ይለዋል፤ ወይም ምልክቱ ተደርጎበትም ዶከሩ ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

ለዚህ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 11 ብዙ ጊዜ የሚነሣው የራሱን ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደውን ሶፍትዌር) ከሥር አብርቶ ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው ተጠቃሚው ሃይፐር-ቪን ስላበራ ብቻ አይደለም። ደብሊውኤስኤል 2ም፣ ዊንዶውስ ሳንድቦክስም፣ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የተባለው የደኅንነት ጥበቃም በዚሁ ሃይፐርቫይዘር ላይ የቆሙ ናቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ መመዘኛውን በሚያሟሉ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ሲጫን በርቶ ይመጣል። ስለዚህ የሃይፐር-ቪን ምልክት አጥፍተው «ዘግቼዋለሁ» የሚሉ ሰዎች በሌላ በር ክፍት እንደተዉት አያውቁም። ሃይፐርቫይዘሩ ፕሮሰሰሩን ከያዘ ቨርቹዋልቦክስ በእርሱ አማካይነት ብቻ ለመሥራት ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ኔስትድ ቨርቹዋላይዜሽን ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ፍጥነቱም በጉልህ ይወርዳል።

ይህን ለማረጋገጥ መገመት አያስፈልግም። የኡቡንቱው ማሽን በቨርቹዋልቦክስ ተነሥቶ ሳለ ከመስኮቱ ግርጌ በስተቀኝ የተደረደሩትን ትንንሽ ምልክቶች ይመልከቱ፤ ከእነርሱ መካከል አረንጓዴ ኤሊ ካለች ቨርቹዋልቦክሱ በዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ላይ ተንጠልጥሎ እየሠራ ነው። ሁለቱ ማሽኖች የተንቀረፈፉበት ዋና ምክንያትም እርሱ ነው። ከዋናው ዊንዶውስ በኩል ደግሞ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚባለውን መስኮት ከፍተው የመጀመሪያውን ገጽ እስከ ታች ቢያዩ፣ ሃይፐርቫይዘር መኖሩ ታውቋል የሚል መስመር ያገኛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች ሜሞሪ ኢንተግሪቲን አጥፉ፣ ሃይፐርቫይዘሩም ኮምፒውተሩ ሲበራ እንዳይነሣ በትእዛዝ ዝጉ ይላሉ። አይሞክሩት። ሠልጣኝ በየቀኑ የራሱን ፍላሽ በሚሰካበት ክፍል ውስጥ ይህ ጥበቃ ከማንኛውም ቢሮ ይልቅ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ፕሮግራም ምቾት ሲባል 12 ማሽኖችን ማጋለጥ ተገቢ አይደለም። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ባዮስ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ከተቆለፈ፣ አንዳንድ የባዮስ ለውጦች በሚቀጥለው ማብራት የማስመለሻ ቁልፍ ስለሚያስጠይቁ፣ ቁልፉ በእጅ ሳይኖር ምንም አይነካ።

ኔስትድ ቨርቹዋላይዜሽኑ ቢሳካ እንኳ የሜሞሪው ስሌት አያዋጣም። ከ16 ጊጋባይቱ ለውስጠኛው ዊንዶውስ 8 ቢሰጡት፣ ደብሊውኤስኤል 2 በነባሪው ሴቲንግ ከሚያየው ሜሞሪ እስከ ግማሽ ድረስ ስለሚወስድ ለሊኑክሱ 4 ጊጋባይት ይደርሰዋል፣ ቀሪውን 4 ዊንዶውሱ ራሱ ይበላዋል። ለኮንቴይነሮቹ 4 ጊጋባይት ለማድረስ ከዋናው ኮምፒውተር ግማሹን ከፍለናል ማለት ነው። ያለ ዴስክቶፕ የተጫነ ኡቡንቱ ሰርቨር ያንኑ ሥራ በ4 ጊጋባይት ብቻ ይሠራል። 32 ጊጋባይት መግዛት ይህን ብክነት በእጥፍ መክፈል ነው፤ የዶከር ኩባንያ ራሱም ዶከር ዴስክቶፕ በዋናው ኮምፒውተር ላይ እንዲጫን ነው የሚመክረው።

የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን የግድ የሚያስፈልግበት ምክንያት ካለ፣ ለምሳሌ ትምህርቱ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ መሣሪያን የሚጨምር ከሆነ፣ ከቨርቹዋልቦክስ ይልቅ ሃይፐር-ቪን ይጠቀሙ። ሃይፐር-ቪ በፕሮ፣ በኤንተርፕራይዝና በኤዱኬሽን እትሞች ላይ አለ፣ በሆም የለም። ኔስትድ ቨርቹዋላይዜሽኑ ለኢንቴል ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ፣ ለኤኤምዲ ከዊንዶውስ 11 ጀምሮ ይሠራል። ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ስለሌለው ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ በፓወርሼል ትእዛዝ ይከፈታል፤ ሜሞሪውም ከፍ ዝቅ የማይል ቋሚ መጠን ሊሆን ይገባዋል። ከገለጹት ትምህርት አንጻር ግን ይህ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ምክሬ ይህ ነው፦ ቨርቹዋልቦክሱን ከ12ቱም ማሽኖች አንሡ፤ በዋናው ዊንዶውስ 11 ላይ ደብሊውኤስኤል 2ን ክፈቱ፤ በእርሱ ኡቡንቱን፣ በኡቡንቱው ውስጥ ደግሞ ዶከር ኢንጂንን ጫኑ። ደብሊውኤስኤል 2 በሆም እትም ላይም ይሠራል፣ ያንኑ አስቀድሞ የበራውን ሃይፐርቫይዘር ስለሚጠቀም ከሜሞሪ ኢንተግሪቲ ጋር አይጋጭም፣ በኮንቴይነሩና በዊንዶውሱ መካከል ያለው ቨርቹዋል ማሽንም አንድ ብቻ ይሆናል። ሠልጣኙ በኡቡንቱ ውስጥ የከፈተውን ፖርት በዊንዶውስ ብራውዘር ሎካልሆስት ብሎ ያገኘዋል፤ የኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድም በቀጥታ ወደ ኡቡንቱው ገብቶ ይሠራል። ዶከር ዴስክቶፕን በዚሁ ላይ መጠቀም ይቻላል፤ ከ250 በታች ሠራተኞችና ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች ዓመታዊ ገቢ ላለው ተቋምም ነጻ ነው። እኔ ግን ለማሠልጠኛ ኢንጂኑን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሠልጣኙ ነገ በሰርቨር ላይ የሚገጥመውን ሊኑክስና የሚሰጠውን ትእዛዝ ዛሬውኑ ይለምደዋል። ሁለቱን በአንድ ኡቡንቱ ላይ አትደርቡ፤ ትእዛዙ የትኛው ዶከር ጋ እንደሚደርስ መለየት ያስቸግራል፣ ትናንት የወረደው ኢሜጅም ዛሬ የጠፋ ይመስላል። በዚሁ ምክንያት ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን በስናፕ (በኡቡንቱ የራሱ የጥቅል ዓይነት) መልክ የሚያቀርበውን ዶከርም ተዉትና ከዶከር የራሱ የጥቅል ማከማቻ ጫኑ።

ደብሊውኤስኤል 2 ከጠቅላላው ሜሞሪ እስከ ግማሹ፣ ማለትም እዚህ እስከ 8 ጊጋባይት፣ ሊወስድ ስለሚችል፣ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በሚቀመጠው የደብሊውኤስኤል ኮንፊግ ፋይል ላይ ወደ 6 ዝቅ ያድርጉት። ብራውዘርና ቪኤስ ኮድ አብረው ተከፍተውም ዊንዶውሱ ይተነፍሳል።

ወደ ፖስትግሬስ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህኛው ብልሽት ቨርቹዋልቦክስ ቢነሣም ተከትሏችሁ ሊመጣ ይችላል። ኮንቴይነር ተነሥቶ ሲቆም ከሁሉ በፊት የሚደረገው መጨረሻ ላይ የጻፈውን ሎግ ማንበብና ሲወጣ የተወውን ቁጥር ማየት ነው። ደጋግመው ማስነሣት ምንም አያሳውቅም። ሎጉ የፋይሎቹን ባለቤትነት ወይም ፈቃድ መለወጥ አልተቻለም ካለ፣ የዳታቤዙ ፋይሎች በቨርቹዋልቦክስ ሼርድ ፎልደር (ከዋናው ዊንዶውስ ጋር በሚጋራ ፎልደር) ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው፤ የእርስዎም ጉዳይ ይህ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ፖስትግሬስ የዳታ ፎልደሩ የራሱ ካልሆነና ለሌላ ሰው ክፍት ከሆነ አልነሣም ይላል፤ ሼርድ ፎልደር ደግሞ ከሊኑክስ የመጣውን የባለቤትነት ለውጥ አይቀበልም። መፍትሔው ፈቃዱን በግድ መክፈት አይደለም፤ ዳታውን ዶከር ራሱ በሚያስተዳድረው ቮልዩም ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ያን ጊዜ በሊኑክሱ በራሱ ዲስክ ላይ ይሆናል።

በደብሊውኤስኤልም ሕጉ ያው ነው። የዊንዶውሱ ሲ ድራይቭ በኡቡንቱው ውስጥ ይታያል፣ ነገር ግን ፋይል ሁሉ በሁለቱ ስርዓቶች መካከል እየተተረጎመ ስለሚያልፍ ዝግተኛ ነው፤ በተለይ እንደ ኖድ ሞጁልስ ያለ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች የያዘ ፎልደር በዚያ በኩል ሲነበብ ሰው ማሽኑ የደረቀ ይመስለዋል። ፋይል ሲለወጥ ራሱን የሚያድስ የልማት ሰርቨርም ለውጡን አያውቅም፣ ምክንያቱም የዊንዶውሱ ማስታወቂያ ወደ ሊኑክሱ አይተላለፍም። ስለዚህ የሠልጣኙ ኮድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኡቡንቱው የሆም ፎልደር ውስጥ ይሁን። ከሁሉ የበለጠ ፍጥነት የሚያስገኘው ለውጥ ይህ ነው፣ ደግሞም ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ሎጉ ስለ ባለቤትነት ምንም ካላለ ሌሎች ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። የፖስትግሬስ ይፋዊ ኢሜጅ የይለፍ ቃል ካልተሰጠው ዳታቤዙን ሳያቋቁም ይወጣል፤ ይህንንም በሎጉ ላይ በግልጽ ይጽፈዋል። ሁለተኛው የስሪት ለውጥ ነው፦ በ15 የተቋቋመ ዳታ በ16 አይከፈትም፤ የኢሜጁ ስም ላይ ቁጥር ሳይጽፉ «ሌተስት» ብለው የሚያወርዱ ሰዎች አንድ ቀን ጠዋት ይህ ይገጥማቸዋል። በማሠልጠኛ ቤት የኢሜጅ ስሪት ሁልጊዜ በቁጥር ይጻፍ። ሦስተኛው ኮንቴይነሩ በ137 ቁጥር መውጣቱ ነው። ቁጥሩ 128 ሲደመር 9 ነው፣ 9 ደግሞ በሊኑክስ ፕሮሰስን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚገድለው ሲግናል ነው። ብዙ ጊዜ ገዳዩ ሜሞሪ ያለቀበት ከርነል ነው፤ የኮንቴይነሩን ዝርዝር የሚያሳየው የኢንስፔክት ትእዛዝ በሜሞሪ ማለቅ ተገድሎ እንደሆነ ለብቻው ይናገራል። እውነተኛ የሜሞሪ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ያኔም ቀድሞ የሚታየው የኮንቴይነሩ ገደብና የደብሊውኤስኤሉ ጣሪያ ነው።

ኢሜጅ ማውረዱ «ከሰዓት በኋላ» እምቢ ማለቱ የራሱ ፍንጭ አለው። ኢሜጆች የሚወርዱበት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ዶከር ሀብ፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ አካውንት ሳይገባ የሚያወርድን ሰው በ6 ሰዓት ውስጥ 100 ጊዜ ብቻ፣ በነጻ አካውንት የገባን 200 ጊዜ እንዲያወርድ ገደበ። መጠኑን ኩባንያው ሊያሻሽለው ይችላል፤ ለእናንተ ወሳኙ ነገር ግን አካውንት የሌለው አውራጅ የሚቆጠረው በአይፒ አድራሻ መሆኑ ነው። በማሠልጠኛችሁ ያሉት 12 ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ስለሚወጡ ለዶከር ሀብ አንድ ሰው ናቸው። አራት ኢሜጅ የሚጠራ አንድ የኮምፖዝ ፋይል (ብዙ ኮንቴይነሮችን በአንድ ላይ የሚያስነሣ ዝርዝር) 12 ሠልጣኞች አንድ ጊዜ ሲያስነሡት 48 ይሆናል፤ ሁለተኛው ፈረቃ እንደ አዲስ ሲያወርድ 96 ይደርሳል፤ ከዚያ የሚቀረው 4 ብቻ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚያወርድ ሠልጣኝ ወዲያው «ጥያቄ በዝቷል» የሚል መልስ ያገኛል። ይህን መልስ ከኢንተርኔት መቆራረጥ ጋር አያምታቱት። መቆራረጥ ሲሆን ማውረዱ መሀል ላይ ይቆማል፣ ጊዜው አለፈ ይላል፤ ያን ጊዜ ዶከር በአንድ ላይ ከሚያወርዳቸው ሦስት ንብርብሮች ወደ አንድ ዝቅ እንዲል ማድረግ በቀጭን መስመር ላይ በእጅጉ ያግዛል።

ለገደቡ ሁነኛው መፍትሔ ኢሜጁን አንድ ጊዜ ብቻ አውርዶ በክፍሉ ውስጥ ማከፋፈል ነው። በዶከር ሴቭ ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል ተቀይሮ በፍላሽ ወይም በውስጥ ኔትወርክ ይሄዳል፣ በዶከር ሎድ ይገባል። ቋሚ ኮርስ ካላችሁ ደግሞ አንዱን ኮምፒውተር ለዶከር ሀብ እንደ መሸጋገሪያ ማከማቻ አድርጋችሁ ሌሎቹ ከእርሱ እንዲወስዱ ማድረግ ይሻላል፤ ዶከር ለዚህ የሚያገለግል የሬጅስትሪ ኢሜጅ አለው።

መብራት ስለሚጠፋበት ጊዜ አልጠየቁም፣ ሆኖም አዳማ ላይ የሚያስተምር ሰው ያለ እርሱ ምላሹ አይሞላለትም። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በድንገት ሲጠፋ በዲስክ ላይ መጻፍ ያልጨረሰ ኢሜጅ ወይም ዳታቤዝ ሊበላሽ ይችላል። የተበላሸ ኢሜጅ ተሰርዞ እንደገና ይጫናል፤ የሠልጣኙ ኮድ ግን የሚተካው ወደ ጊት ሰርቨር ከተላከ ብቻ ነው። የማሽኑ ስናፕሾት ከዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ መጠባበቂያ አይባልም። ሁለተኛው ጣጣ ሰዓት ነው። የእናት ቦርዱ ባትሪ የደከመ ኮምፒውተር መብራት ሲመለስ ቀኑን ይስታል፤ አንድ ሰው ቸኩሎ በእጁ ሲያስተካክለው ከጠዋቱ 3 ሰዓትን 3 ብሎ፣ ወይም ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሊያስገባው ይችላል። 6 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ማሽን ላይ ኡቡንቱ ጥቅሎችን ሲያድስ ዝርዝሩ ገና አልጸናም ብሎ እምቢ ይላል፤ ዓመቱ ወደ ኋላ የቀረ ማሽን ደግሞ የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፍኬት ስለማይቀበል ከዶከር ሀብ ጋር መገናኘት አይችልም። ስሕተቱ ሰርተፍኬትን ከጠቀሰ ኔትወርኩን ከመመርመር በፊት ሰዓቱን፣ ዓመቱንና የሰዓት ሰቁ አዲስ አበባ መሆኑን ይመልከቱ። ቨርቹዋል ማሽንን አስተኝቶ በማግስቱ መቀስቀስም ሰዓቱን ወደ ኋላ ሊያስቀረው ይችላል።

ጥቂት ጥቃቅን ነገሮች ይቀራሉ። ዶከሩ ተነሥቶ ሳለ «ፈቃድ የለህም» የሚለው መልስ ተጠቃሚው የዶከር ግሩፕ ውስጥ አለመግባቱን ያመለክታል፤ ከገባም በኋላ ወጥቶ እንደገና መግባት አለበት። በዚህ ግሩፕ ያለ ሰው በማሽኑ ላይ የሩት (የሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን እንዳለው ይቆጠራል፤ በግል ማሽን ላይ ችግር የለውም፣ ብዙ ሰው በሚጋራው ሰርቨር ላይ ግን አይፈቀድ። የክፍሉ ኔትወርክ በ172.17 የሚጀምር አድራሻ የሚጠቀም ከሆነ ከዶከር ነባሪ ኔትወርክ ጋር ስለሚጋጭ አንዱ ይቀየር። የደብሊውኤስኤል ዲስክ ፋይልም ያድጋል እንጂ ኢሜጅ ስለተሰረዘ ብቻ በራሱ አያንስም፤ ሲ ድራይቭ ሲሞላ የሚታየው እዚያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ኡቡንቱውን፣ ዶከር ኢንጂኑንና ለኮርሱ የሚያስፈልጉትን ኢሜጆች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያዘጋጁ፤ ሙሉውን ልምምድ ራስዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሥሩበት። ከዚያ ዶከሩን አቁመው፣ ደብሊውኤስኤሉን ዘግተው፣ ኡቡንቱውን በኤክስፖርት ትእዛዝ የዲስክ ፋይሉን እንዳለ በሚያወጣው የቪኤችዲ ምርጫ ያውጡት፤ በሌሎቹ 11 ማሽኖች ላይ በኢምፖርት ያስገቡት። ኢሜጆቹ በዚያው ዲስክ ውስጥ ስላሉ አንዱም ሠልጣኝ ከኢንተርኔት አያወርድም፤ መጀመሪያ የፈለጉት አንድ ዓይነት የመሥሪያ ማሽንም ይገኛል። ሁለት ነገር አይርሱ። ከማውጣትዎ በፊት በዶከር ሀብ ወይም በጊት አካውንት ገብተው ከነበረ ይውጡ፤ ዶከር ኢንጂን የይለፍ ቃሉን በሆም ፎልደር ውስጥ በቀላሉ ሊነበብ በሚችል መልክ ስለሚያስቀምጥ ለ11 ማሽኖች አብሮ ይከፋፈላል። በኢምፖርት የገባ ኡቡንቱ ደግሞ በሩት ስም ሊከፈት ስለሚችል፣ ነባሪው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ በኡቡንቱው ውስጥ ባለው የደብሊውኤስኤል ኮንፊግ ፋይል ላይ አስቀድመው ይጻፉ።

የግዢው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ይቅር አልልም። ኮርሱ ወደፊት ብዙ ኖድ (ማሽን) ያለው ኩበርኔቲስ የተባለ የኮንቴይነሮች ማስተዳደሪያ ወይም ከኮንቴይነሮቹ ጋር አብሮ የሚሠራ የአንድሮይድ ኢሙሌተር ከጨመረ 16 ጊጋባይት ይጠባል። ያኔም አዲስ ኮምፒውተር ሳይሆን ሜሞሪ ብቻ መጨመር ይበቃችሁ እንደሆነ በቅድሚያ ያስመርምሩ። አሁን ግን ገንዘቡን መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹን በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ በሚሰጥ ዩፒኤስ ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ደብሊውኤስኤል 2 በዋናው ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ራሱ በ80370102 በሚያበቃ የስሕተት ቁጥር እምቢ ካለ፣ የባዮሱ ማብሪያ በዚያ ማሽን ላይ አልተከፈተም፣ ወይም ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም የሚባለው የዊንዶውስ ክፍል አልተጨመረም። በታስክ ማናጀር፣ የፐርፎርማንስ ገጽ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ ሥር ቨርቹዋላይዜሽን መከፈት አለመከፈቱ ተጽፏል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደጎደለ እዚያ ይለያል።